አል-ቢሩኒ ከአንድ ተራራ ላይ ሆኖ ምድርን እንዴት ለካት?



"ሙስሊም ሊቃውንት ምድርን ለክተዋል" የሚለው ፖስት በየጊዜው ይሰራጫል፤ ላይክና ማሻአላህ ይዘንብለታል። አንድ የክፍል ጓደኛችሁ "እንዴት ለኳት?" ብሎ ቢጠይቃችሁስ? መልሱ ትምህርት ቤት የተማራችሁት ትሪጎኖሜትሪ ውስጥ አለ።

አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ (ረሒመሁላህ) እ.ኤ.አ. በ973 በኸዋሪዝም፣ በዛሬዋ ኡዝቤኪስታን ተወለደ። በ1017 ሱልጣን መሕሙድ ኸዋሪዝምን ሲይዝ ወደ ጋዝና፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ አፍጋኒስታን ተወሰደ። እዚያ ሆኖ በ416 ሂጅራ (1025) የከተሞችን አቀማመጥ ስለመወሰን አንድ ኪታብ ጨረሰ። ትልቁ ዓላማው የጋዝናን ቂብላ በትክክል ማወቅ ነበር። ለዚህ ደግሞ ጋዝናና መካ በምድር ላይ ያሉበት ቦታ መታወቅ አለበት። በከተሞች መካከል ያለውን የመንገድ ርቀት ወደ ዲግሪ ለመቀየር የምድር መጠን ያስፈልጋል። የሰላት ጉዳይ ወደ ሒሳብ የወሰደው እንዲህ ነው።

ከእርሱ በፊት በኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን (813–833) የተላኩ ሊቃውንት በዛሬዋ ኢራቅ በሲንጃር ሜዳ ለክተው ነበር። የሰማዩ ዋልታ ከፍታ በአንድ ዲግሪ እስኪለወጥ ድረስ ቀጥ ብለው በመጓዝ የሄዱትን ርቀት ለኩ፤ ለአንድ ዲግሪም 56 ከ2/3 የዐረብ ማይል የሚል ውጤት ተዘገበ። ይህ ግን ብዙ ሰውና ሰፊ በረሃ ይጠይቃል።

አል-ቢሩኒ ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ባለው በናንደና ምሽግ ሳለ፣ ከፊቱ ሰፊ ሜዳ ያለው ተራራ አገኘ። ሥራው ሁለት ደረጃ ነበረው።

አንደኛ፣ የተራራውን ቁመት ማወቅ። ተራራው እግር ሥር ገብቶ መለካት ስለማይቻል፣ ከሁለት ቦታ ወደ ጫፉ የሚያይበትን አንግል መለካት በቂ ነው። እናንተም በሰፈራችሁ ሚናራ ሞክሩት። ጫፉን በ45 ዲግሪ የምታዩበት ቦታ ቁሙ፤ ከዚያ አንግሉ 30 ዲግሪ እስኪሆን ቀጥ ብላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። የሄዳችሁት 11 ሜትር ከሆነ ለ0.732 አካፍሉት፤ ሚናራው ከዓይናችሁ በላይ 15 ሜትር ያህል ነው። ከመሬት እስከ ዓይናችሁ ያለውን ጨምሩበት። 0.732 የመጣው ቁመቱ አንድ ቢሆን ሩቁ ቦታ 1.732፣ ቅርቡ 1 ስለሚርቅ ነው። አል-ቢሩኒ በዚህ ዓይነት ስሌት የተራራውን ቁመት 652 ክንድ ያህል አገኘው።

ሁለተኛ፣ ጫፉ ላይ ወጥቶ ሰማይና ምድር የሚገናኙበትን መስመር አየ። ምድር ዝርግ ብትሆንና ማለቂያ ባይኖራት መስመሩ በዓይኑ ትክክል በታየ ነበር። እርሱ ግን ዝቅ ብሎ አገኘው፤ በ34 ደቂቃ፣ ማለትም ከግማሽ ዲግሪ ትንሽ በሚበልጥ። ከዓይኑ ወደዚያ መስመር የሚሄደው እይታ ምድርን ነክቶ ያልፋል፤ በነካበት ቦታም ከምድር ሬዲየስ ጋር 90 ዲግሪ ይሠራል። ስለዚህ የምድር ሬዲየስ ለሬዲየስና ለተራራው ቁመት ድምር ሲካፈል የ34 ደቂቃ ኮሳይን ይሆናል። ቁመቱ ስለሚታወቅ ሬዲየሱ ይወጣል። እርሱ ወደ 12.8 ሚሊዮን ክንድ አገኘ።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። በዛሬ ካልኩሌተር ብትሠሩት 13.3 ሚሊዮን ገደማ ይመጣላችኋል። አንግሉ እጅግ ትንሽ ስለሆነ በኮሳይን ሰንጠረዥ ላይ ያለች ቅንጣት ልዩነት ውጤቱን ታናውጠዋለች። አየርም ብርሃንን ስለሚያጎብጥ አንግሉ ራሱ ይዛባል። በዚያ ላይ ክንዱ ስንት ሳንቲሜትር እንደሆነ ባለሙያዎች አልተስማሙም። ስለዚህ "ከዛሬው ልኬት ጋር በ1 ከመቶ እንኳ አይለያይም" የሚለው ፖስት፣ ለክንዱ በሚመረጠው ርዝመት ላይ የቆመ ነው።

ይህ ክብሩን አይቀንሰውም። ዘዴው ትክክል ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን አደቡ ነው፦ ውጤቱን ከመእሙን ሊቃውንት ልኬት ጋር አስተያየ፤ ቅርብ ሆኖ ሲያገኘው፣ መሣሪያቸው ከእርሱ የረቀቀ ነበርና በሥራው የእነርሱን ቁጥር ያዘ። በራሱ ግኝት መኩራራት ይችል ነበር፤ ሐቁን መረጠ።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ቀደምቶቻችንን የምናከብረው ስማቸውን ሼር በማድረግ ብቻ አይደለም። የሒሳብ ደብተራችሁን አውጡ፤ በዚህ ጁሙዓ ከሰላት በኋላ ሚናራውን ለኩት። ውጤታችሁን ከጓደኛችሁ ጋር አስተያዩ፤ የእርሱ ልኬት የተሻለ ከሆነም ተቀበሉት።

ወሏሁ አዕለም።