ሳይስቁ የሚያስቁ ፊልሞች

እ.ኤ.አ. በ1934 ለእይታ የበቃው «ዘ ቲን ማን» የግድያ ምርመራ ፊልም ነው። አንድ የፈጠራ ሰው ደብዛው ይጠፋል፣ ፍቅረኛው ተገድላ ትገኛለች፣ ጥርጣሬውም እሱ ላይ ያርፋል። እኔ ግን ፊልሙን ደጋግሜ የማየው ገዳዩን ለማወቅ አይደለም፤ መርማሪው ኒክ ቻርልስና ባለቤቱ ኖራ ሲጨዋወቱ ለመስማት ነው። ዊልያም ፓወልና ሚርና ሎይ ናቸው የሚጫወቱት። ኖራ መጠጥ ቤት ገብታ ባሏን ስንት እንደጠጣ ትጠይቀዋለች። ስድስተኛ ማርቲኒው መሆኑን ሲነግራት አትቆጣም፤ አስተናጋጁን ጠርታ ተጨማሪ አምስት እፊቷ እንዲደረድርላት ታዛለች። ፍቅሩም ፉክክሩም በዚህች አንድ ትእዛዝ ተነግሮ ያልቃል።

በዘመኑ ስንቱ የፍቅር ፊልም ሰርግ ላይ ሲያበቃ፣ እነዚህን የምናገኛቸው ተጋብተው ከከረሙ በኋላ ነው። ጨዋታቸው የእውነት ባልና ሚስት ጨዋታ የሆነው፣ ይመስለኛል፣ የፊልሙን ጽሑፍ ያዘጋጁት አልበርት ሃኬትና ፍራንሲስ ጉድሪች ራሳቸው ባልና ሚስት ስለነበሩ ነው። ፊልሙ የተነሣበት ልብ ወለድ ደራሲ ዳሺል ሃሜትም ፒንከርተን በተባለው የግል ምርመራ ድርጅት መርማሪ ሆኖ ሠርቷል፤ ሙያውን ከውስጥ ያውቀው ነበር። ሕዝቡ ፊልሙን ስለወደደው እስከ 1947 አምስት ተከታይ ፊልሞች ወጡ። በ1934 አጋማሽ የሆሊውድ ሳንሱር ሲጠብቅ ደግሞ የፊልም ጸሐፊዎች በግልጽ የተከለከሉትን በአሽሙር መናገርን ተካኑበት።

ከ«ዘ ቲን ማን» ሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ1964፣ የስታንሊ ኩብሪክ «ዶክተር ስትሬንጅላቭ» ያንኑ ሳይስቁ ማሳቅ ይዞ ሲመጣ ጉዳዩ የዓለም ጥፋት ሆኗል። መነሻው የሆነው የፒተር ጆርጅ «ሬድ አለርት» ቀልድ የማያውቅ ልብ ወለድ ነው። ኩብሪክም ፊልሙን በቁም ነገር ሊጽፈው ጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን የሚያስቀውን እያወጣ ሲጥል፣ የሚጥለው ከሁሉ ይልቅ እውነት የሚመስለውን ሆኖ አገኘው። ስለዚህ ወደ ስላቅ ዞረ።

አንድ ያበደ ጄኔራል ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖችን ወደ ሶቪየት ኅብረት ልኳል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ለሶቪየቱ መሪ ይደውላል፤ ሰውየው ሰክሯል። የምንሰማው የፕሬዚዳንቱን ድምፅ ብቻ ነው፦ ሙዚቃውን እንዲቀንስለት ይለምናል፣ ያባብላል፣ የሆነውን ለሕፃን እንደሚያስረዳ ቀስ ብሎ ይናገራል፣ ቀጥሎም ማን ይበልጥ እንዳዘነ ይከራከራሉ። በፊልሙ ሦስት ሰው ሆኖ የተጫወተው ፒተር ሴለርስ እዚህ ላይ ፕሬዚዳንቱን ሲሆን ፊቱ አይፈታም፤ ከልቡ የተጨነቀ ጨዋ ሰው ነው። የሚያስቀውም የሚያስፈራውም ይኸው ጨዋነቱ ነው።

ለመዝጊያው ባለሥልጣናቱ በጦር አዛዦቹ ክፍል ውስጥ በክሬም ኬክ ሲደባደቡ ተቀርጾ ነበር። ኩብሪክ ከፊልሙ ቃና ጋር አይሄድም ብሎ ቆርጦ አወጣው። ደግ አደረገ፤ ጄኔራሎቹ ኬክ ቢወራወሩ ኖሮ ቀልደኛ መሆናቸውን ያውቁ ነበር፣ ያን ጊዜ ደግሞ አንፈራቸውም።