ጨረርና የፕሮስቴት ካንሰር፦ አጭር ታሪካዊ ቅኝት

ለፕሮስቴት ካንሰር የጨረር ሕክምና የታዘዘለት ሰው በቅድሚያ የሚያነሣው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ «ጨረሩ ያቃጥለኛል ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው መሠረት የለሽ ፍርሃት አይደለም። የሕክምናው የመቶ ዓመት ታሪክ በአመዛኙ ዕጢውን በበቂ መጠን እየመቱ ጎረቤቶቹን፣ ደንዳኔንና የሽንት ፊኛን፣ ከጉዳት ለማዳን የተደረገ ጥረት ታሪክ ነውና።

ሮንትገን ኤክስሬይን እ.ኤ.አ. በ1895፣ ማሪና ፒየር ኩሪ ራዲየምን በ1898 ካገኙ በኋላ ጨረር ለካንሰር ሕክምና መዋሉ አልዘገየም። ይሁን እንጂ ፕሮስቴት በዳሌ ጥልቀት ውስጥ ስለሚገኝ የዘመኑ ደካማ ኤክስሬይ ወደ ዕጢው በቂ መጠን ከማድረሱ አስቀድሞ ቆዳውን ይጎዳ ነበር። ስለዚህ ሐኪሞች የጨረሩን ምንጭ ወደ ዕጢው ማስጠጋትን መረጡ። ፈረንሳዊው ፓስቶ በ1911 ራዲየምን በካቴተር አማካይነት በሽንት ቧንቧ በኩል የማስገባቱን ዘዴ አሳተመ። በአሜሪካ ደግሞ ሂዩ ያንግ በባልቲሞር ራዲየሙን በፊንጢጣ፣ በሽንት ቧንቧና በፊኛ በኩል ሲያስጠጋ፣ ቤንጃሚን ባሪንጀር በኒው ዮርክ ራዲየም የያዘ መርፌ በቀጥታ ዕጢው ውስጥ ይሰካ ነበር። የተሻላቸው ሕሙማን ቢኖሩም፣ የጨረሩን ሥርጭት በትክክል ማስላት ባልተቻለበት በዚያ ዘመን የደንዳኔና የፊኛ ጉዳት የሕክምናው ጥላ ሆኖ ቆየ።

በ1941 ቻርልስ ሀጊንስ የወንዴ ሆርሞንን መቀነስ የተሠራጨውን በሽታ እንደሚያቀዘቅዝ ባሳየ ጊዜ የብዙዎች ትኩረት ከጨረር ወደ ሆርሞን ዞረ። ጨረርን መልሶ ያነሣው የመሣሪያ ለውጥ ነው። በ1951 በካናዳ ሥራ የጀመሩት የኮባልት መሣሪያዎች፣ ቀጥሎም በስታንፎርድ ማልኮልም ባግሾው ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለፕሮስቴት ካንሰር የተጠቀመበት ሊኒያር አክስለሬተር፣ ቆዳውን ሳይጎዱ ጥልቅ ዕጢን ለመምታት አስቻሉ። ሲቲ ስካንና ኮምፒዩተር ሲጨመሩ ጨረሩ የዕጢውን ቅርጽ እየተከተለ እንዲያርፍ ሆነ።

ከዚያም በኋላ ውጤቱ ተሻሻለ። በ1997 ቦላና ባልደረቦቹ ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ በአካባቢው የተስፋፋ ካንሰር ያለባቸው ሕሙማን ከጨረር ጋር የሦስት ዓመት የሆርሞን ሕክምና ሲያገኙ፣ አምስት ዓመት በሕይወት የቆዩት ከመቶ 62 ወደ 79 ከፍ ብለዋል። በ2016 የታተመው ቺፕ የተባለ የእንግሊዝ ጥናት ደግሞ፣ በ37 ቀን ይሰጥ የነበረውን 74 ግሬይ 60 ግሬይ በ20 ቀን ሊተካው እንደሚችል አረጋገጠ።

ታዲያ ዛሬ ታካሚው ምን ይጠብቅ? ጨረሩ በሚሰጥበት ቅጽበት ሕመም አይሰማም፤ ከውጭ የሚሰጥ ጨረርም ታካሚውን ለቤተሰቡ አደገኛ አያደርገውም። በሕክምናው ሳምንታት ድካም፣ ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ ሲሸኑ ማቃጠልና የሰገራ መቅጠን ሊከሰቱ ይችላሉ፤ አብዛኛውን ጊዜም ሕክምናው ካበቃ በኋላ ባሉት ሳምንታት ይቀላሉ። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ የፊንጢጣ መድማት ሊታይ፣ የብልት መነሣትም ቀስ በቀስ ሊዳከም ይችላል። ፒ.ኤስ.ኤ. እንደ ቀዶ ሕክምናው ወዲያው አይወርድም፤ ዝቅተኛው መጠን ላይ ለመድረስ ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጅበታል።

በአገራችን የጨረር ሕክምና ማዕከል በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኮባልት መሣሪያ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ ብቸኛ ሆኖ ሲያገለግል፣ ሕሙማን ተራ ለመጠበቅ ወራትን ያሳልፉ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጅማን በመሰሉ ከተሞችም ማዕከላት ተከፍተዋል። ዘግይቶ ለመጣ፣ ካንሰሩ ወደ አጥንቱ ለተሠራጨ ታካሚም ቢሆን በር አልተዘጋም፤ በአንድ ቀን የሚሰጥ 8 ግሬይ የአጥንትን ሕመም ያስታግሣል። ማስታገሡ ግን ሳምንታት ሊወስድ፣ በመጀመሪያዎቹም ቀናት ሕመሙ ሊብስ እንደሚችል አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ይህን ያልሰማ ታካሚ ሕክምናው እንደጎዳው ቆጥሮ ይቀራል። ስለሆነም በጤና ጣቢያም ሆነ በሆስፒታል ያለ ባለሙያ ሕመምተኛውን ወደ ጨረር ሲልክ፣ ከላኪ ወረቀቱ ጋር የሚጠብቀውን ነገር በግልጽ ነግሮት መላክ ይኖርበታል።