ከደጅ ጥናት ወደ ቃለ መሐላ

ፊደል የቆጠረ ወጣት በአገራችን ሹመት የሚያገኝበት ጎዳና ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነበር፤ በመኳንንቱ ደጅ ማልዶ ተገኝቶ፣ እጅ ነሥቶ፣ በአማላጅ ስሙን አስጠርቶ፣ ወራትን አንዳንዴም ዓመታትን ደጅ ጠንቶ፣ ጌታው በመልካም ዓይን ባዩት ዕለት ይሾም ነበር። ይህን ልማድ የሚነቅፉት ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን ትዕግሥትንና አንደበተ ርቱዕነትን ማስተማሩን ስለማውቅ ፈጽሜ አልነቅፈውም።

ኢትዮጵያ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም.፣ በበዓለ መስቀል፣ የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን በጄኔቭ ሌላ ዓይነት ሎሌነት ተጀምሮ ቆይቷል። የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ ሰር ኤሪክ ድራሞንድ ጽሕፈት ቤቱን ያቋቋሙት የየመንግሥታቸውን ቃል በሚያደርሱ መልእክተኞች ሳይሆን፣ ደመወዛቸውን ከማኅበሩ ተቀብለው ለማኅበሩ ብቻ በሚታዘዙ ሠራተኞች ነበር። ማኅበሩ በመከራችን ቀን እንዴት እንደከዳን የታወቀ ነው፤ ይህ አሳቡ ግን ከእርሱ ሞት ተርፎ፣ ሰኔ 19 ቀን 1937 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ በተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር 100ኛ አንቀጽ ሆነ።

ሚያዝያ 21 ቀን 1950 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ተቋቁሞ መቀመጫው አዲስ አበባ በሆነ ጊዜ፣ ከዚያም ጥር 29 ቀን 1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ ሲመረቅ፣ የዓለም ደጅ ለኮሌጅ ምሩቁ በእግር የሚደረስበት ሆነለት፤ ከአራት ኪሎ ቁልቁል ሲወርድ አባቶቹ ደጅ የጠኑበትን የታላቁን ቤተ መንግሥት ቅጥር አልፎ፣ የአፈወርቅ ተክሌ ኅብረ ቀለም ያለው መስተዋት ከሚያበራበት አዳራሽ ይደርሳልና።

በዚህኛው ደጅ የሚጠየቀው እጅ መንሻ ሳይሆን ወረቀት ነው። ለብዙ ዘመን ያገለገለው ፒ-11 የተባለው ቅጽ ትምህርቱን፣ ቋንቋዎቹንና የሠራበትን ስፍራ ሁሉ ከዘረዘረ በኋላ፣ ጠባዩን የሚያውቁ ሦስት ሰዎች እንዲጠቅስ ያዝዘዋል፤ ሦስቱም ዘመዶቹ እንዳይሆኑ! በድርጅቱ የተቀጠረ ዘመድ ካለውም እንዲገልጽ ይጠየቃል። አባቱ እንደ ሀብት ይቆጥሩት የነበረው ዝምድና እዚህ እንደ ዕዳ ይመዘገባል። እርግጥ 101ኛው አንቀጽ ብቃትንና ሐቀኝነትን ካስቀደመ በኋላ ሠራተኞች በተቻለ መጠን ከልዩ ልዩ አገሮች እንዲመረጡ ስለሚያዝ፣ የትውልድ አገር ፈጽሞ አይዘነጋም።

ከሁሉ የሚከብደው መሐላው ነው። «ንጉሥ ይሙት» ሲባል ሰምቶ ያደገ፣ ምናልባትም በንጉሡ ገንዘብ የተማረ ወጣት፣ የማንም ንጉሥ ስም በማይጠራበት ቃል፣ ከማናቸውም መንግሥት፣ ከራሱም መንግሥት ጭምር፣ ትእዛዝ እንዳይቀበል ይምላል። ከአገር መክዳት የሚለየው ምን እንደሆነ ለእናቱ ማስረዳት ቀላል አይመስለኝም።

ቅጹ የቤተ ሰብ ስም የሚጠይቅበት መስመርም አለ። የእኛ ሰው እንዲህ ያለ ስም ስለሌለው የአባቱን ስም ይሞላበታል፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ በቢሮው በር ላይ የሚጻፈው፣ በስብሰባም የሚጠራው አባቱ ነው፤ እርሱም ልማዱ እስኪመጣለት ድረስ፣ ሲጠራ ሽማግሌው የመጡ እየመሰለው ወደ በሩ ዘወር ይላል።