ጠሪ አክባሪ፦ የሠርግ ጥሪ ዋጋ ከገጠር መንደር እስከ ፌርፋክስ ጎዳና

«ጠሪ አክባሪ» ይላል ብሂሉ። በሁለት ቃል መጥራት ማክበር መሆኑን ተናግሮ ይጨርሳል፤ ስለ ወጪው ግን ዝም ይላል። መጥራት ግን በየትኛውም ዘመን ዋጋ ነበረው። ከዘመን ዘመን የተለወጠው ዋጋው በምን እንደሚከፈልና ማን እንደሚከፍለው ነው። ዛሬ በሎስ አንጀለስ ልጁን የሚድር ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ በጀቱን ሲያሰላ አዳራሹን፣ ምግቡን፣ ልብሱንና ሙዚቃውን አስቀድሞ የጥሪ ወረቀቱን ከመጨረሻው ረድፍ ያኖረዋል። ሆኖም ከወረቀቱ በላይ የተዘረዘሩትን ወጪዎች ሁሉ የሚወስነው በዚያች ወረቀት ላይ የሚሰፍረው ስምና አነጋገር ነው።

በገጠር ኢትዮጵያ የጥሪ ዋጋ የሚከፈለው በእግር ነበር። ደጋሹ የቤቱን ልጅ ወይም ዘመዱን ይልካል፤ መልእክተኛው ከደጅ ቆሞ ሰላምታ ያቀርባል፤ ቀኑን ይናገራል፤ ምርቃት ተቀብሎ ወደሚቀጥለው ቤት ያልፋል። ወቅቱም በዘፈቀደ አልተመረጠም። ጥር ላይ እህሉ ከአውድማ ገብቷል፤ ጥምቀት አልፏል፤ ዐቢይ ጾም ገና አልገባም። ጎተራው ሙሉ የሚሆንበትና ቤተ ክርስቲያን ጋብቻን የምትፈቅድበት ጊዜ የሚገናኙት በእነዚህ ጥቂት ሳምንታት ነው።

በዚህ ሥርዓት አንድ ተጨማሪ እንግዳ በደጋሹ ላይ የሚጨምረው ወጪ አነስተኛ ነበር። ተጠሪው ባዶ እጁን አይመጣምና። አንዷ እንጀራ ትጋግራለች፤ ሌላዋ ጠላ ትጠምቃለች፤ ጎረምሳው ዳስ ይጥላል፤ አዛውንቱ ገንዘብ ያዋጣሉ። ዛሬ የረዳ ነገ በተራው ይረዳል። ስለዚህ የተጠሪዎች ዝርዝር ያልተጻፈ የብድር መዝገብ ነበር ማለት ይቻላል። ከዝርዝሩ መጉደል ቅር የሚያሰኘው በምግቡ ምክንያት አይደለም፤ ሰውየው ከመዝገቡ መፋቁን ስለሚያስታውቅ ነው።

ኅትመት ወደዚህ ሥርዓት የገባው ዘግይቶ ነው። በኋላ ብርሃንና ሰላም የተባለው ማተሚያ ቤት በአዲስ አበባ የተቋቋመው በአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1921 ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) በእርሳስ ፊደል ማተም ለአማርኛ ውድ ሥራ ነው። 33 ዋና ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ የፊደል ለቃሚው ሣጥን ከላቲኑ እጅግ ይሰፋል። ወጪው ያለው ፊደሉን ለቅሞ ገጹን በመደርደሩ ላይ ነው፤ ገጹ አንዴ ከተደረደረ በኋላ ሃምሳ ወረቀት በመታተሙና ሦስት መቶ በመታተሙ መካከል ያለው ልዩነት የወረቀቱና የቀለሙ ብቻ ነው። ይህ ስሌት ደጋሹን አብዝቶ እንዲያሳትም ይገፋፋዋል፤ አብዝቶ ያሳተመም አብዝቶ ይጠራል።

የካርዱ ቋንቋም እየተደጋገመ ረጋ። የሁለቱ ወገን ወላጆች ስም በግራና በቀኝ ይሰፍራል፤ ጠሪዎቹ እነርሱ እንጂ ሙሽሮቹ አይደሉም። ተጠሪው የደስታቸው ተካፋይ እንዲሆን በአክብሮት ይጠየቃል። በመጨረሻም «ከነባለቤትዎ» ወይም «ከነቤተሰብዎ» የሚለው ይታከላል። ይህ ቃል ቁጥር የለውም። ቤተሰብ ማለት ስንት ሰው እንደሆነ የሚወስነው ተጠሪው ነው። እንግዳው ድርሻውን ይዞ በሚመጣበት አገር ይህ ልግስና ደጋሹን አይጎዳውም።

አንድ ነገር ግን ኅትመቱ አልለወጠም። በኢትዮጵያ ደብዳቤ በአብዛኛው በፖስታ ሣጥን ቁጥር እንጂ በየቤቱ ደጅ ስለማይታደል፣ የታተመው ካርድም የሚደርሰው በሰው እጅ ነው። ወረቀቱ በመልእክተኛው ላይ ተጨመረ እንጂ መልእክተኛውን አልተካውም።

ከ1974ቱ አብዮት በኋላ የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን፣ በተለይም የ1980ው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ከወጣ ወዲህ፣ በሎስ አንጀለስ ሲሰባሰቡ ይህ የጥሪ ልማድ አብሯቸው ተጓዘ። የ1990ው የኢሚግሬሽን ሕግ ያስገኘው የዲቪ ዕጣ ቁጥራቸውን አበዛው። ከኦሊምፒክ ቡልቫርድ በስተደቡብ ባለው የፌርፋክስ ጎዳና ላይ ምግብ ቤቶችና መደብሮች ተከፈቱ፤ በ2002 የከተማው ምክር ቤት አካባቢውን «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ሰየመው።

የመጀመሪያዎቹ ደጋሾች ችግር ገንዘብ ብቻ አልነበረም፤ ፊደልም ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አንድ የሎስ አንጀለስ ማተሚያ ቤት ያማረ የሠርግ ካርድ በእንግሊዝኛ ለማተም የሚጎድለው ነገር አልነበረም፤ የግእዝ ፊደል ግን ከየት ይመጣል? ጽሕፈቱ ያማረ ሰው በእጁ ይጽፈዋል፤ ወይም በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ይመታል፤ አለዚያም አዲስ አበባ አሳትሞ በመንገደኛ ሻንጣ ማስመጣት ነው። የጽሕፈት መኪናው ቁልፎች ለላቲን ፊደል የተመጠኑ ስለነበሩ አማርኛው ፊደሉንና ምልክቱን ከፋፍሎ መልሶ እየቀጠለ ይጽፍ ነበር፤ ውጤቱ ለሠርግ ካርድ የሚመጥን ውበት አልነበረውም። በጀቱ የጠበበ ቤተሰብ በእንግሊዝኛ ብቻ ቢያሳትም የሚወቀስበት ምክንያት አልነበረም።

ይህን ወጪ ያስቀረው ማተሚያ ቤቶች ባደረጉት የዋጋ ውድድር አይደለም። የግእዝ ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ የታተመው በ1513 በሮም ከተማ ሲሆን፣ ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን በዚያ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ። ወደ ኮምፒውተር የገባበትም መንገድ እንዲሁ በብዛት በውጭ አገር የተጠረገ ነው። በ1980ዎቹ በካሊፎርኒያ ፍስሐ አጥላው፣ በኮሎራዶ ደግሞ ዶክተር አበራ ሞላ ቀደምት ሥራዎችን ሠርተዋል። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ ቁጥር አሰጣጥ ስለነበረው፣ በአንዱ የተጻፈ ጽሑፍ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። መፍትሔው የመጣው በ1999 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግእዝ ፊደልና ምልክቶች 345 ቋሚ ቁጥሮችን መደበ። በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም «ኒያላ» የተባለውን የግእዝ ፊደል ቅርጽ ይዞ መጣ። ደረጃ ማውጣት የጋራ ሀብት ነው፤ አንዱ ሲጠቀምበት ለሌላው አይጎድልም። ዛሬ በአማርኛ ካርድ ለማዘጋጀት ተጨማሪው የፊደል ወጪ ዜሮ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዲጂታል ማተሚያ ደግሞ ሌላውን ቋሚ ወጪ ቀነሰ። ሃያ ካርድ ብቻ ማሳተም ስለተቻለ፣ ከሚያስፈልገው በላይ አብዝቶ የማተም ምክንያት ቀረ። የቀረው ትልቁ ወጪ መላኪያው ነው። ተራው ደብዳቤ የሚላክበት የአሜሪካ ቴምብር በ1999 ዋጋው 33 ሳንቲም ነበር፤ በጁላይ 2025 ደግሞ 78 ሳንቲም ሆነ። በዚያ ዋጋ ለ150 ቤተሰቦች ጥሪ ሲላክ፣ ለመልሱም ቴምብር የተለጠፈበት ፖስታ ቢታከል፣ ለቴምብር ብቻ 234 ዶላር ይወጣል። አራት ማዕዘኑ እኩል የሆነ ፖስታ ወይም በሰም የታሸገ ደብዳቤ በማሽን ስለማያልፍ ተጨማሪ ይከፈልበታል። ስለዚህ በጀቱን ለመቆጠብ የሚሻ ሰው ከወረቀቱ ጥራት ይልቅ የፖስታውን ቅርጽና ክብደት ቢያስተውል ይበልጥ ይጠቀማል።

ነገር ግን እውነተኛው ወጪ ከቴምብሩም ያልፋል። በሎስ አንጀለስ አዳራሹም ምግብ አቅራቢውም በአብዛኛው የሚያስከፍሉት በሰው ቁጥር ነው። እንጀራ የሚጋግር ጎረቤት በሌለበት አገር የተጨማሪው እንግዳ ወጪ ሙሉ በሙሉ በደጋሹ ላይ ይወድቃል። «ከነቤተሰብዎ» የሚለው የአክብሮት ቃል እዚህ መጠኑ ያልተሞላ ቼክ ይሆናል። የአሜሪካው ካርድ ይህን የሚያግደው በፖስታው ላይ እያንዳንዱን ተጠሪ በስሙ በመጥራትና የመልስ ካርድ በማስገባት ነው። የእኛ አዛውንት ግን «ይመጣሉ ወይስ አይመጡም?» መባሉን እንደ ጥርጣሬ ሊቆጥሩት ይችላሉ፤ መልሳቸውም «እግዚአብሔር ከፈቀደ» ነው። ይህ መልስ ቅን ነው፤ ለምግብ አቅራቢው የሚሰጥ ቁጥር ግን አይሆንም። ስለዚህ ስልክ አንሥቶ በየቤቱ የሚደውል ዘመድ ያስፈልጋል። የጥንቱ መልእክተኛ ተመልሶ መጣ ማለት ነው፤ ድካሙም እንደ ጥንቱ በበጀቱ ውስጥ አይመዘገብም።

በሁለት ቋንቋ የሚጻፍ ካርድ የራሱ ወጥመዶች አሉት። በአማርኛው «ከምሽቱ 12 ሰዓት» የተባለውን እዚህ የተወለደ ወጣት እኩለ ሌሊት አድርጎ ሊያነበው ይችላል። ኢትዮጵያዊት ሚስት የአባቷን ስም ስለምትይዝ ባልና ሚስትን በአንድ የቤተሰብ ስም መጥራት አይሆንም። የአሜሪካው የሠርግ ወቅት በጋን ይጨምራል፤ ኦርቶዶክሳዊው ቤተሰብ ግን ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ ማለትም ከኦገስት 7 እስከ 21 የሚጾመውን ፍልሰታን መዝለል አለበት። ካርዱ ታትሞ ከወጣ በኋላ የሚገኝ እንዲህ ያለ ስሕተት ሥራውን ሁሉ ዳግም ያስከፍላል። ሁለቱን አቆጣጠር የሚያውቅ አንድ አዛውንት ከኅትመት በፊት እንዲያነቡት ማድረግ ግን ምንም አያስወጣም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለአማርኛው የሚቀርበው ምክንያት መለወጡን ማየት ይገባል። ቀድሞ ካርዱ በእንግሊዝኛ ብቻ የሚሆነው ፊደል ባለመገኘቱ ነበር። አሁን ፊደሉ በእያንዳንዱ ስልክ ውስጥ ሳለ አማርኛው በካርዱ አናት ላይ እንደ ጌጥ ወደተቀመጠ አንድ ቃል ቢያንስ፣ ምርጫ እንጂ የዋጋ ግዴታ አይደለም። ምርጫው መከራከሪያ አለው፤ ከሙሽሮቹ ጓደኞች ብዙዎቹ አማርኛ አያነቡም፤ ሙሽሮቹም ላያነቡ ይችላሉ። ይህ ግን ለወጣቱ የሚላከውን ካርድ እንጂ ለአያቱ የሚላከውን አይወስንም። ለሃያና ለሠላሳ አዛውንቶች በሙሉ አማርኛ የታተመ፣ የወላጆቹ ስም በግራና በቀኝ የሰፈረበት፣ በዘመድ እጅ የሚደርስ ካርድ፤ ለቀሩት ደግሞ በስልክ የሚላክ ጥሪና ስም በስም የሚሰበሰብ መልስ፤ ይህ ክፍፍል ከ150 ፖስታ ይልቅ ርካሽ ነው፤ የአዛውንቱንም ክብር አይቀንስም።

የሚከብደው ሥራ ከወረቀቱ በፊት ያለው ነው፦ ማን ይጠራ፣ ማን ይቅር። ድሮ ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚያለዝበው እንግዳው ይዞት የሚመጣው ድርሻ ነበር። አዳራሹ በሰው ቁጥር በሚከራይበት ከተማ ግን ወላጆችና ሙሽሮች ካርዱ ከመታዘዙ አስቀድሞ ተቀምጠው ሊመልሱት ይገባል፤ ካርዱ ከወጣ በኋላ የሚቀነስ ስም በገንዘብ የማይተመን ቅሬታ ያስከትላልና።