ከግሉተን ነፃ የፍራፍሬ ክራምብል በቤት ውስጥ፦ ለሴሊያክ ታካሚዎችና ለቤተሰቦቻቸው

ሴሊያክ እንዳለባቸው የተነገራቸው ታካሚዎች ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቁት «እንጀራ መብላት እችላለሁ ወይ?» ብለው ነው። የታመመ ልጅ ያላቸው ወላጆች ደግሞ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሌላ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ፦ «የልደቱ ቀን ሲደርስ ምን እናድርግ? ሌሎቹ ኬክ ሲበሉ እሱ ዝም ብሎ ይመልከት?»

ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። ልጆች አመጋገባቸውን ብዙ ጊዜ የሚያፈርሱት ርቧቸው ሳይሆን ከጓደኞቻቸው መለየት ከብዷቸው ነው። ስለዚህ በቤት ውስጥ በቀላሉ የሚዘጋጅ፣ ሁሉም አብሮ የሚበላው ጣፋጭ ማወቅ የሕክምናው አካል ነው። በዚህ ጽሑፍ ክራምብል የተባለውን፣ በብሪታንያ ቤቶች የተለመደውን ከላዩ ፍርፍር ሊጥ ያለው የበሰለ ፍራፍሬ በጤፍ ዱቄት እንዴት እንደሚዘጋጅና በተለይ ምን መጠንቀቅ እንደሚያስፈልግ እናያለን።

ሴሊያክ ምንድን ነው?

ሴሊያክ በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው የእህል ዓይነት ውስጥ ያለው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን ሲበላ፣ የሰውነት በሽታ የመከላከል ሥርዓት የራሱን ትንሹን አንጀት የሚያጠቃበት ሕመም ነው። የአንጀቱ የውስጥ ግድግዳ ምግብ የሚመጥባቸው እንደ ጣት ያሉ ጥቃቅን እጥፋቶች አሉት። እነዚህ ሲጎዱና ሲጠፉ ብረት፣ ካልሲየም፣ ፎሊክ አሲድና ሌሎች ንጥረ ነገሮች በአግባቡ ወደ ሰውነት አይገቡም።

በዓለም ደረጃ ከ100 ሰዎች 1 ሰው ገደማ ሴሊያክ እንዳለበት ይገመታል፤ ብዙዎቹ ግን አልተመረመሩም። ምልክቶቹ ከሰው ሰው ይለያያሉ፦

• የቆየ ወይም የሚመላለስ ተቅማጥ፣ የሆድ መነፋትና ሕመም፣ አንዳንዴም የሆድ ድርቀት
• በልጆች ላይ የዕድገት መዘግየት፣ ክብደት አለመጨመር
• በብረት ኪኒን የማይስተካከል የደም ማነስ፣ ድካም
• የአጥንት መሳሳት፣ የአፍ ውስጥ ቁስል
• በክርን፣ በጉልበትና በመቀመጫ ላይ የሚወጣ በጣም የሚያሳክክ ሽፍታ

እስካሁን በሽታውን የሚያድን መድኃኒት የለም። ሕክምናው ግሉተንን ዕድሜ ልክ ከምግብ ማስወጣት ነው። የስንዴንና የሕመሙን ግንኙነት ያሳየው ቪለም ካረል ዲከ የተባለ ኔዘርላንዳዊ የሕፃናት ሐኪም ሲሆን፣ ውጤቱን በ1950 እ.ኤ.አ. በዶክትሬት ጽሑፉ አቅርቧል።

ማሳሰቢያ፦ ሴሊያክ አለብኝ ብለው ከጠረጠሩ፣ ምርመራው ሳይጠናቀቅ ስንዴና ገብስ መብላት አያቁሙ። የደም ምርመራውም ሆነ በኢንዶስኮፒ ከአንጀት የሚወሰደው ናሙና ትክክለኛ ውጤት የሚሰጡት ግሉተን እየበሉ ከሆነ ነው።

ለምን ክራምብል?

ግሉተን ሊጥን የሚያያይዘውና እንዲለጠጥ የሚያደርገው ነገር ነው። ዳቦ የሚነፋው እርሾው የሚያወጣውን አየር ግሉተን አፍኖ ስለሚይዝ ነው። ለዚህም ነው ከስንዴ ውጭ በሆነ ዱቄት ጥሩ ዳቦ መጋገር የሚያስቸግረው። ክራምብል ላይ የሚፈለገው ግን ተቃራኒው ነው፤ ሊጡ መያያዝ ሳይሆን መፈርፈር አለበት። ስለዚህ ግሉተን ባይኖርም የሚጎድለው ነገር የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከግሉተን ነፃ ለሚጋግር ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

ዋናው ጥንቃቄ፦ ዱቄቱ

ጤፍ በተፈጥሮው ግሉተን የለውም፤ በብረትና በካልሲየምም የበለፀገ ነው። አደጋው ጤፉ ወደ ቤትዎ እስኪደርስ በመንገድ የሚቀላቀለው ነው። ሴሊያክ ላለበት ሰው በቀን ከ10 ሚሊግራም በታች ግሉተን በአብዛኛው ጉዳት አያደርስም ተብሎ ይታሰባል። አንድ ቁራሽ የስንዴ ዳቦ ግን 2 ግራም ገደማ ግሉተን አለው። ይህ ማለት የዳቦው 200ኛ ክፍል፣ ጥቂት ፍርፋሪ ማለት ነው፣ የቀኑን ገደብ ይሞላል። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃም አንድ ምግብ «ከግሉተን ነፃ» ለመባል በኪሎ ከ20 ሚሊግራም በላይ ግሉተን እንዳይኖረው ይጠይቃል።

1. እህሉን ያንጥሩ። ጤፍ ከስንዴና ከገብስ ጋር በአንድ አውድማ ሊወቃ ወይም በአንድ ጆንያ ሊያዝ ይችላል። የጤፍ ፍሬ በጣም ትንሽ ስለሆነ በጥቅጥቅ ወንፊት ሲነፋ ያልፋል፤ ስንዴና ገብሱ ከላይ ይቀራል። የቀረውን አይተው ይጣሉ።

2. ወፍጮ ቤቱን ይምረጡ። ከእርስዎ በፊት ስንዴ ወይም ገብስ ከተፈጨ፣ በወፍጮው ውስጥ የቀረው ዱቄት ከጤፍዎ ጋር ይወጣል። ጤፍ ብቻ የሚፈጭ ወፍጮ ካለ እሱን ይጠቀሙ። ከሌለ ደግሞ በቤት ውስጥ በንጹሕ የኤሌክትሪክ መፍጫ በትንሽ በትንሹ መፍጨት ይሻላል። ሽሮዎንም በዚሁ መንገድ ያስቡበት።

3. የተቀላቀለ ዱቄት አይግዙ። ለእንጀራ ተብሎ የሚሸጥ ዱቄት አንዳንዴ ገብስ ወይም ስንዴ ይቀላቀልበታል። በውጭ አገር የምትኖሩ ደግሞ ከሱቅ የሚገዛው እንጀራ ብዙ ጊዜ የስንዴ ወይም የገብስ ዱቄት እንደሚገባበት አስታውሱ። «የጤፍ» መባሉ ብቻ አይበቃም፤ የተጻፈውን ያንብቡ፣ ሻጩንም ይጠይቁ።

4. «አጃ» የሚለውን ስም ይጠንቀቁ። ብዙ የክራምብል አሠራሮች አጃ ይጨምራሉ። በአገራችን ግን በዚህ ስም ሁለት የተለያዩ እህሎች ይጠራሉ። አንዱ በሱቅ በፓኬት የሚሸጠው ኦትስ ነው። ሁለተኛው ኤመር የተባለ የስንዴ ዘር ሲሆን፣ ለሴሊያክ ታካሚ ፈጽሞ አይሆንም። ኦትስም ቢሆን «ከግሉተን ነፃ» የሚል ጽሑፍ ከሌለበት ብዙ ጊዜ ከስንዴ ጋር የተነካካ ነው፤ ንጹሕ የሆነውንም ጥቂት ታካሚዎች አይስማማቸውም። ስለዚህ እዚህ አሠራር ውስጥ አላስገባሁትም።

ፉርኖ ዱቄት ስንዴ ነው፤ በሶና ጭኮ ገብስ ናቸው፤ ቅንጬም አብዛኛውን ጊዜ ከስንዴ ይሠራል። እነዚህን በክራምብሉ ላይ መጨመርም ሆነ በአንድ ማንኪያ መንካት አይገባም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች (ለ8 ሰው)

ለፍራፍሬው፦
• 1 ኪሎ ፖም (ከ6 እስከ 7 መካከለኛ ፍሬ)
• 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር
• የግማሽ ሎሚ ጭማቂ
• 1 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቀረፋ
• 3 የሾርባ ማንኪያ ውኃ

ከላይ ለሚነሰነሰው፦
• 150 ግራም (አንድ ኩባያ ገደማ) የጤፍ ዱቄት፤ ነጭ ጤፍ ጣዕሙ ለስለስ ይላል
• 50 ግራም በቤት የተቆላና የተወቀጠ ለውዝ
• 75 ግራም ስኳር
• 100 ግራም ቀዝቃዛ የገበታ ቅቤ፣ በትንንሹ የተቆረጠ
• ትንሽ ጨው

የጨንቻ ፖም በሚገኝበት ወቅት በጣም ጥሩ ይሆናል። ኮክ፣ ፕሪም፣ አናናስ ወይም ያልበሰለ ጠንከር ያለ ማንጎም ይሆናል። ማንጎና አናናስ ጣፋጭ ስለሆኑ በፍራፍሬው ላይ የሚጨመረውን ስኳር ይተዉት። በቤቱ የለውዝ አለርጂ ያለበት ሰው ካለ ለውዙን በተፈጨ ሱፍ ይተኩ።

አሠራር

1. ዕቃውን፣ ጠረጴዛውንና እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። በዚያ ቀን በዚያው ኩሽና ስንዴ ዱቄት አይንፉ፤ ብናኙ በአየር ቆይቶ ይወርዳል።
2. ምድጃውን (ኦቨን) 180 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ያሙቁ።
3. ፖሙን ልጠውና ፍሬውን አውጥተው ይክተፉ። ከስኳሩ፣ ከሎሚው፣ ከቀረፋውና ከውኃው ጋር ለውሰው በመጋገሪያ ዕቃ ላይ ያንጥፉ።
4. የጤፍ ዱቄቱን፣ ለውዙን፣ ስኳሩንና ጨውን ይቀላቅሉ። ቅቤውን ጨምረው የሽንብራ ፍሬ የሚያካክል ፍርፍር እስኪሆን ድረስ በጣትዎ ጫፍ ይፈትጉት። አያቡኩት፤ ውኃም አይጨምሩበት።
5. ፍርፍሩን ሳይጫኑ በፍራፍሬው ላይ ይነስንሱ።
6. ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ይጋግሩ። ጤፍ ከመጀመሪያውም ጠቆር ስለሚል በቀለሙ ብቻ አይፍረዱ። በጠርዙ በኩል ጭማቂው ሲፈላና ላዩ ሲነካ ደረቅ ሲሆን ደርሷል።
7. 15 ደቂቃ ያቀዝቅዙት። ላዩ የሚጠነክረው ሲቀዘቅዝ ነው።

ኦቨን ከሌለ፦ ፍራፍሬውን በድስት ከድነው በመለስተኛ እሳት እስኪለሰልስ ያብስሉ። ፍርፍሩን ለብቻው በወፍራም መጥበሻ እያማሰሉ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ያህል ይቁሉት፤ ሲቀርብ ከላይ ይነስንሱት።

ለጾም፦ ቅቤውን በ80 ሚሊሊትር የምግብ ዘይት ይተኩ። ማርጋሪን የሚጠቀሙ ከሆነ የወተት ውጤትና ስንዴ እንደሌለበት ከማሸጊያው ላይ ያረጋግጡ።

የማብሰያ ዕቃዎች

እሳት ግሉተንን አያጠፋም። ስለዚህ ዳቦ ወይም አምባሻ የተጋገረበትን ዕቃ ማጋል ብቻ አይበቃም። ብረትና መስታወት በሳሙናና በውኃ በደንብ ከታጠቡ ይጸዳሉ። ወንፊት፣ የእንጨት ማንኪያ፣ መክተፊያና የሸክላ ምጣድ ግን ዱቄት በቀዳዳቸው ስለሚይዙ ለታካሚው የተለዩ ይሁኑ። ልጅም ሠራተኛም እንዳይሳሳት በቀለም ምልክት ያድርጉባቸው።

የስኳር ሕመም ላለባቸው

ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ሴሊያክ የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ከፍ ያለ ነው። «ከግሉተን ነፃ» ማለት ከስኳር ነፃ ማለት አይደለም። ከላይ ያለው መጠን ለ8 ሲካፈል አንዱ ድርሻ በግምት 40 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው። ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ ይህን አስልተው ይብሉ፤ ስኳሩንም በግማሽ ቢቀንሱት ክራምብሉ አይበላሽም።

በስህተት ግሉተን ቢበላስ?

አንዳንዱ በሰዓታት ውስጥ ሆዱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል ወይም ያስቀምጠዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ምንም አይሰማውም። ምልክት አለመኖሩ አንጀቱ አልተጎዳም ማለት አይደለም፤ «ትንሽ ቀምሶ ምንም አልሆነም» ተብሎ የሚደገመው ነገር ጉዳቱን የሚያመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ለአንድ ጊዜ ስህተት ግን ልጁን አይቆጡ። ውኃ ይስጡት፣ ወደ ትክክለኛው አመጋገብ ይመልሱት፣ ግሉተኑ ከየት እንደገባም ይፈልጉ።

ወደ ሐኪም መሄድ ያለብዎት መቼ ነው?

• ተቅማጡ ወይም ትውከቱ ካልቆመ፣ ሽንት ከቀነሰ ወይም ልጁ ከፈዘዘ በአስቸኳይ
• አመጋገቡን በጥንቃቄ እየጠበቁ ምልክቶቹ ካልተሻሉ
• ክብደት እየቀነሰ ወይም የልጁ ዕድገት ቆሞ ከሆነ
• ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት ሴሊያክ ካለባቸው፤ የቅርብ ዘመዶች ምልክት ባይኖራቸውም መመርመር ይገባቸዋል

በመጨረሻም፣ ክራምብሉን ለታካሚው ብቻ ለይተው አይሥሩት። ለቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሁን፤ የልደቱም ዕለት ሻማው በእሱ ላይ ይተከል። ሁሉም ከአንድ ትሪ ሲበላ ኩሽናው ውስጥ የሚቀላቀል ነገር አይኖርም፤ ልጁም የሚሰርቀው የሌላ ልጅ ኬክ አይኖርም።