የጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄና መልስ በፎገራ

የጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄና መልስ ከታሪክ፣ ከሥነ ጥበብ፣ ከምግብ፣ ከጉዞ፣ ከፊልምና ከፊደል አጻጻፍ በተውጣጡ ጥያቄዎች ተወዳዳሪዎች የሚፈተኑበት ጨዋታ ነው። በኢትዮጵያ በትምህርት ቤቶች ሚኒ ሚዲያና በዓመቱ መዝጊያ በዓል፣ እንዲሁም በሰንበት ትምህርት ቤቶች ይዘወተራል። ሽልማቱ ብዙውን ጊዜ መጽሐፍ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ነው። በደቡብ ጎንደር ከጣና በስተምሥራቅ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳና ከተማው ወረታ ለዚህ ጨዋታ የሚሆን ጥያቄ ሞልቷቸዋል፤ የሚጠይቅ ግን ብዙም የለም።

ጨዋታው መድረክና ማይክራፎን ከማግኘቱ በፊት እንቆቅልሽ ነበር። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ሲል መላሹ «ምን አውቅልህ» ይላል። መልሱ ከጠፋበት «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ተሸናፊው አገር እየጠራ ይሰጣል፣ ጠያቂው ካልወደደው ደግሞ ሌላ ያስጠራዋል። እንቆቅልሹ ያቃተው ልጅ እንኳ የአገር ስም ማወቅ ግድ ይሆንበት ነበር። ጠበቅ ያለው ፈተና በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ይገኛል። በዚያው በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት፣ የቤተልሔም ጉባኤ ቤት የድጓ ማስመስከሪያ፣ ዙር አባ ደግሞ የዝማሬና መዋሥዕት ማስመስከሪያ ናቸው። እዚያ ደቀ መዝሙሩ የሚመሰከርለት በቃሉ የያዘውን በመምህሩ ፊት አዚሞ ሲያሳይ ነው።

ከታሪክ ዘርፍ አዋቂውንም የሚያሳስት አንድ ጥያቄ አለ። ከጎንደሩ የፋሲል ግንብና እንፍራዝ አጠገብ ካለው የጉዛራ ግንብ ቀድሞ የተሠራው የትኛው ነው? አብዛኛው ሰው ፋሲልን ይጠራል። ጉዛራን ግን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የነገሡት ዐፄ ሠርፀ ድንግል እንዳሠሩት ይነገራል፤ ዐፄ ፋሲለደስ የነገሡት እርሳቸው ካለፉ ከሠላሳ ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው። ዘመን ሲጠየቅ ሌላም ጠብ አለ። ዐድዋ በ1888 ነው ያለውም በ1896 ነው ያለውም ትክክል ነው፤ አንደኛው በኢትዮጵያ፣ ሁለተኛው በአውሮፓ አቆጣጠር መልሷል። በየትኛው እንደሚመለስ አስቀድሞ ያልተናገረ ጠያቂ ነጥብ የመንፈግ መብት ሊኖረው አይገባም።

በጉዞ ዘርፍ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ የጉማራንና የርብን ወንዞች በምን ቅደም ተከተል ይሻገራል? መጀመሪያ ጉማራን፣ ወረታን ካለፈ በኋላ ርብን። ሁለቱም ከጉና ተራራ ተነሥተው ጣና ይገባሉ፤ ክረምት ሲሞሉ ሜዳውን የሚያጥለቀልቁትም እነርሱ ናቸው። ወረታ ላይ ወደ ምሥራቅ የታጠፈ ደግሞ በአለም በር አድርጎ ደብረ ታቦር ይደርሳል፣ ከዚያም አልፎ ወልድያ።

ፎገራ በጣም የሚበለጽገው በምግብ ዘርፍ ነው። ቀድሞ ሜዳው የሚታወቀው በከብቱ ነበር፤ የፎገራ ላም በወተቷ የተመሰከረላት ስትሆን ዝርያው የአንዳሳ እንስሳት ምርምር ማዕከል የጥናት ርእስ ሆኗል። ውሃ የሚተኛበትን መሬት እህል አብቃይ ያደረገው ግን ሩዝ ነው። በ1970ዎቹ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ በሜዳው ተሞከረ፤ «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዝርያም በአርሶ አደሩ ዘንድ ገነነ። ዛሬ የፎገራ ቤተሰብ ሩዝን ከጤፍ ቀላቅሎ እንጀራ ይጋግርበታል፣ ጠላና አረቄም ያወጣበታል። ሩዙ ሲነሣ በቀረው እርጥበት ላይ ጓያ ይዘራል። ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከሉም የተቋቋመው እዚሁ ነው። ሩዝ የእስያ እህል ብቻ ነው ብሎ የሚመልስ ተማሪ ከፎገራ ሊወጣ አይገባም።

ለእጅ ጥበብ ሸማኔዎቹን የአውራምባ ማኅበረሰብ መጥቀስ ይበቃል። በ1964 ዓ.ም. ገደማ በዙምራ ኑሩ የተመሠረተው ይህ መንደር በፎገራ ወረዳ ይገኛል፤ ሴቷ ማረሷ፣ ወንዱ መፍተሉ አያስገርምም። ለፊልም ደግሞ የጎንደር ተወላጁ ኃይሌ ገሪማ አለ። «ጤዛ» የተባለው ሥራው በ2009 እ.ኤ.አ. በቡርኪና ፋሶ፣ ዋጋዱጉ በሚካሄደው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት አግኝቷል።

የፊደል አጻጻፍ ፈተና በአማርኛ የራሱ መልክ አለው። በአሜሪካ ከ1925 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚካሄደው ብሔራዊ ውድድር ልጆች እያንዳንዱን ፊደል ይጠራሉ፤ የእንግሊዝኛ ድምፅና ጽሕፈት ሁልጊዜ ስለማይገናኙ ፈተናው ከባድ ነው። አማርኛ እንደተነገረ ይጻፋል። አስቸጋሪዎቹ ሞክሼ ፊደላት ብቻ ናቸው፦ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፤ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። በግእዝ ሠረቀ ማለት ወጣ፣ ሰረቀ ማለት የሰው ንብረት ወሰደ ነው። በዛሬው አማርኛ ብዙ ጸሐፊ ፊደላቱን እያቀላቀለ ስለሚጽፍ፣ ዳኛው ነጥብ ከመቀነሱ በፊት የሚመራበትን መዝገበ ቃላት ቢያሳውቅ ክርክር ይቀራል።

የወረታና የአካባቢው መምህራን ጥያቄ ስታወጡ የዓለም ዋና ከተሞችን ዝርዝር አትተዉ፤ ግን ከዚያ በፊት ርብ ከየት እንደሚነሣ ጠይቁ።