የእኛስ ኩዝኮ የት ናት?

በዚህ ዓመት በታሪክ ትምህርት ከተማርነው ሁሉ ልባችንን የነካው የኩዝኮ ከተማ ታሪክ ነው። ኩዝኮ በደቡብ አሜሪካ፣ በፔሩ አገር፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በአንዲስ ተራሮች መካከል የምትገኝ፣ የኢንካ ነገሥታት መናገሻ የነበረች ከተማ ናት። እኛ የመንዝ ልጆች ደጋና ውርጭ እናውቃለንና፣ በዚያ ከፍታ ላይ መንግሥት መቆሙ እንግዳ አልሆነብንም። ስለዚህም «የእኛስ ኩዝኮ የት ናት?» ብለን መምህራችንን ጠየቅናቸው። እርሳቸውም «አንኮበር ናት፤ ሂዱና እዩአት» አሉን።

ከዘመሮ ተነሥተን ደብረ ብርሃን አደርን፤ በማግሥቱም 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን አንኮበር ደረስን። ነገሥታቱ ግቢያቸውን ከሠሩበት ተራራ ላይ ሆኖ ወደ ምሥራቅ ለሚመለከት ሰው፣ ምድሩ እንደ ደረጃ እየወረደ እስከ አፋር ቈላ ድረስ ይታያል። ከግቢው ግን ከጥቂት የግንብ ፍራሽ በቀር የተረፈ አላየንም። ከመካከላችን አንዱ «ይኸው ብቻ ነው?» አለ። ሁላችንም ያንኑ በልባችን እንጠይቅ ነበርና የመለሰለት አልነበረም።

ሆኖም የአንኮበር ታሪክ ከቤታችን የተነሣ ታሪክ ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ነጋሢ ክርስቶስ ከመንዝ፣ ከአጋንቻ ተነሥተው የሸዋን መንግሥት መሠረቱ። ከእርሳቸው በኋላ ሰብስቴ በዶቃቂት፣ አብዬ በሐር አምባ ተቀመጡ፤ አምኃ ኢየሱስም አንኮበርን መናገሻ አደረጓት። ከተማይቱ ከቈላው የሚመጣውን የንግድ መንገድ ከላይ ሆና ትጠብቅ ነበር። ከበታቿ ባለው በአልዩ አምባ ገበያ ጨው፣ ቡናና ጨርቅ ይለወጥ ነበር፤ በዚያ አካባቢ የሰው ልጅም ይሸጥ እንደ ነበረ መደበቅ አይገባንም። ታሪክ ክብሩን ብቻ መርጦ የሚያስታውስ ከሆነ ተረት ይሆናልና።

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም.) የአንኮበር ስም ከባሕር ማዶ ተሰማ። በ1833 ዓ.ም. ካፒቴን ሃሪስ የተባለ የእንግሊዝ መልእክተኛ መጣ፤ በ1834 ዓ.ም. የወዳጅነትና የንግድ ውል ተደረገ፤ ሃሪስም ያየውን በመጽሐፍ ጻፈ። በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን በያዙ ጊዜ የ11 ዓመቱ ልጅ ምኒልክ ተማርከው ተወሰዱ፤ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ተመልሰው በሸዋ ነገሡ። መንግሥቱ ወደ እንጦጦ፣ ቀጥሎም በ1879 ዓ.ም. ወደ ተቈረቈረችው ወደ አዲስ አበባ ሲሻገር ግን አንኮበር ጸጥ እያለች ሄደች።

እነሆ፣ የሁለቱ ከተሞች ዕጣ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ኩዝኮን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1533 እስፓኞች ያዙአት፤ በፀሐይ ቤተ መቅደሷም ግንብ ላይ ገዳም ሠሩበት። በ1950 የምድር መናወጥ ሲመታት የገዳሙ ሕንጻ ክፉኛ ፈረሰ፤ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ የተጋጠመው የኢንካዎች ድንጋይ ግን ጸንቶ ቆመ። አንኮበር ደግሞ አብዛኛው ቤቷ የእንጨትና የሣር ክዳን ስለ ነበረ፣ የሚያድሰው ባጣ ጊዜ ዝናብና ዘመን በሉት።

ነገር ግን ኢንካዎች ፊደል አልነበራቸውም፤ ቍጥራቸውንና መዝገባቸውን በተቋጠረ ገመድ ይይዙ ነበር፤ ያም ገመድ እስከ ዛሬ ተሟልቶ አልተነበበም። የነገሥታቱን ታሪክ ከጻፉት አንዱ ጋርሲላሶ ነው። አባቱ እስፓኝ፣ እናቱ የኢንካ ልዕልት ነበረች። ገና በ20 ዓመቱ ገደማ ከኩዝኮ ወጥቶ ወደ እስፓኝ ሄደ፤ በልጅነቱ የእናቱ ዘመዶች ሲያወጉ የሰማውንም በስተርጅናው ጻፈው፤ መጽሐፉም በ1609 ታተመ። ሰምቶ ባይጽፍ ኖሮ ድንጋዩ ብቻውን ስንቱን ሊነግረን ይችል ነበር?

እኛም በእርሱ ዕድሜ ላይ ነን። ዘንድሮ የመጨረሻውን ፈተና ወስደን ከዘመሮ እንበተናለን። ኩዝኮን በመጽሐፍ አወቅናት፤ የገዛ አገራችንን አጋንቻን ግን ከመካከላችን ያየ አልነበረም። ስለ እርሷ የሚያወጉት ሽማግሎችም በየዓመቱ ይቀንሳሉ። ድንጋይ ባይቀርልን ፊደል አለን፤ ፊደል እያለን ዝም ብንል ግን ወቀሳው በዝናቡ ላይ ሳይሆን በእኛ ላይ ነው።

ስለዚህ ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት፣ እያንዳንዳችን ከመለያየታችን በፊት ከአንድ አያት ወይም ከአንድ ሽማግሌ የሰማነውን ጽፈን ለቤተ መጻሕፍታችን ልናስረክብ ተስማምተናል። ከኋላችን የምትመጡ ተማሪዎች ሆይ፣ እናንተም ጨምሩበት። ወላጆቻችንም ደብተር ይዘን በምድጃው ዳር ስንቀመጥ ያውጉን ዘንድ እንለምናለን።